አዲሱ ሞኒተር ሲሰነፍጥ

አዲስ የኮምፒውተር ሞኒተር ከካርቶኑ እንደወጣ ፊት ለፊቱ ተቀምጣችሁ ሥራ አትጀምሩ። ያ የሚሰነፍጥ ሽታ ከፕላስቲኩ፣ ከማጣበቂያውና ከውስጥ ክፍሎቹ የሚተን ኬሚካል ነው፤ ሞኒተሩ ሲሞቅ ይብሳል። ዓይን ሊቆጠቁጥ፣ ጉሮሮ ሊከረክር፣ ራስ ሊያሳምም ይችላል፤ አስም ያለበት ሰው ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቅ።

እኔ የተለጠፈበትን ስስ ላስቲክ በሙሉ ልጬ፣ ካርቶኑንና መሙያውን ከክፍሉ አወጣለሁ። ከዚያ መስኮቱን ከፍቼ፣ ብርሃኑን ከፍ አድርጌ፣ ሰው በሌለበት ለጥቂት ሰዓታት አበራዋለሁ፤ ሙቀቱ ሽታውን ቶሎ ያስወጣዋል። ለተወሰኑ ቀናት ከደጋገምኩት በኋላ አፍንጫዬን ከጀርባው የአየር ማስወጫ ቀዳዳዎች ባስጠጋ እንኳ ብዙም አይሰማኝም። ሽቶ መርጨት ግን በኬሚካል ላይ ኬሚካል መጨመር ነው፤ እባካችሁ ተዉት።

ሽታው የተቃጠለ ሽቦ ከመሰለ ነገሩ ሌላ ነው፤ ወዲያውኑ ከሶኬት ነቅላችሁ ለሻጩ መልሱት።