ወሎ ላይ የመሬት ክስ የሚያጓትቱና ኪስ የሚያራቁቱ ስህተቶች

የመሬት ክስ ውድ የሚሆነው በዳኝነት ክፍያው አይምሰላችሁ። ምልልሱ ነው የሚጨርሰው። ከለጋምቦ ወይም ከደላንታ ገጠር ወረዳ ከተማ የሚወርድ ሰው የራሱንም የምስክሮቹንም መሳፈሪያና ምሳ ይችላል፤ ቀጠሮው ከተዛወረ እንደገና ያው ነው።

አዋሳኝን በግምት ማስጻፍ። ከሁሉም የባሰው ይሄ ነው። አቤቱታ ጸሐፊው «አዋሳኙ ማነው?» ሲል አፋችን ላይ የመጣውን እንላለን፦ በምሥራቅ የእገሌ ማሳ፣ በምዕራብ ወንዝ። እገሌ ግን ከሞተ ቆይቷል፣ ማሳውም በልጁ ስም ዞሯል። ተከሳሹ «እንዲህ የሚባል መሬት አልያዝኩም» ብሎ ይክዳል፣ ፍርድ ቤቱ ለወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት አጣርታችሁ ላኩ ብሎ ይጽፋል፣ መልሱ እስኪመጣ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ይደረባል። ቢፈረድላችሁ እንኳ አፈጻጸም ላይ የትኛው ማሳ እንደሆነ ሌላ ክርክር ይነሳል። የመሬት ይዞታ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። የሁለተኛ ደረጃ ካርታ (ማሳው ተለክቶ የሚሰጥ የይዞታ ካርታ) ካላችሁ የማሳውን መለያ ቁጥር አስጽፉ።

የክሱን ግምት ማጋነን። የዳኝነት ክፍያው የሚሰላው በግምቱ ነው፤ ለፉክክር ብላችሁ ከፍ አታድርጉት። በእውነት አቅም ያጣ በደሃ ደንብ፣ ማለትም ዳኝነት ሳይከፍል፣ መክሰስ ይችላል።

መሬትን በቃል የእኩል (ምርቱን ለመካፈል) መስጠት። ዘመድ ነው ተብሎ ዝም ይባላል፣ ዓመታት ያልፋሉ፣ ከዚያ «የኔ ነው» ይመጣል። ጽፋችሁ አስመዝግቡ። ሽያጭን በወለድ አገድ (ብድሩ እስኪመለስ አበዳሪው በመሬቱ የሚጠቀምበት ውል) ስም የሚሸፍኑ ደግሞ አሉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ያ ወረቀት ፍርድ ቤት ሲደርስ ገንዘብ ከፋዩን ብዙም አያድነውም።

ቀጠሮ መቅረት። በልግ ሲዘራ ምስክርም ባለጉዳይም ከማሳው አይነቃነቅም። እሱ የሚገባ ነው፤ ግን ቀኑ ሲቆረጥ እዚያው ለዳኛው ተናገሩ። ከሳሽ ሳያስታውቅ ከቀረ መዝገቡ ሊዘጋበት ይችላል።

ሽምግልናን ከፍርድ ቤት መነጠል። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ «በቃ ታርቀናል» ተብሎ ይሄዳል። ስምምነቱ ግን መዝገብ ላይ አልገባም። ያኛው ወገን ሐሳቡን ቢለውጥ ከዜሮ ነው። የተፈረደባችሁ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ፦ በፍትሐ ብሔር የይግባኝ ጊዜው 60 ቀን ነው፣ ሽማግሌ ይዞናል ብላችሁ ስትጠብቁ ጊዜው አይጠብቃችሁም። ይግባኙን አስገቡና ታረቁ፤ ዕርቁ ካለቀ መዝገቡን መዝጋት ይቻላል።