ፍላሹን ብቻ አትውቀሱ፦ ወርድና ፒዲኤፍ ሲያስቸግሩ

ባሕር ዳር ፖሊ ወይም ፔዳ ግቢ አካባቢ ፕሪንት ቤት የሚሠራ ሰው የሰኔን ወረፋ ያውቃታል። የመመረቂያ ጽሑፍ በፍላሽ፣ በቴሌግራም፣ በኢሜይል ይጎርፋል፤ ኮምፒውተሩ ሲያምፅ ተወቃሹ ሁልጊዜ ፍላሽ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አንድ ቀን ግን አንቲቫይረስ “ንጹሕ ነው” ያለውን የወርድ ፋይል ከከፈትኩ በኋላ የደንበኞች ሥራ ያለበት ፎልደር በሙሉ ተቆለፈብኝ። ፋይሉን የከፈተው ኦፊስ (ወርድን የያዘው የማይክሮሶፍት ፕሮግራም) ለዓመታት አፕዴት ያላየ ነበር። እሱን ሳያድሱ ፍላሽ እየፈተሹ መኖር ጣና ላይ እምቦጭን ቅጠሉን ብቻ እንደ መቁረጥ ነው።

ምልክት፦ ወርድ ከላይ ቢጫ መስመር ያወጣል፣ አላትምም ይላል

ይህ ብልሽት አይደለም። ፕሮቴክትድ ቪው ይባላል፤ ኦፊስ ከኢንተርኔት የመጣን ሰነድ እጁን አስሮ ነው የሚከፍተው። ይነበባል፣ ግን አይታረምም፣ አይታተምም። እኛ ደግሞ እንጀራችን ማተም ነው። ወረፋው በር ደርሶ “ወንድሜ ቶሎ በል፣ ባጃጅ ቆሞብኛል” ሲሉን እጃችን ሳናስበው “ኢኔብል” የሚለው መፍቀጃ ቁልፍ ላይ ያርፋል።

መፍትሄው፦ ባለቤቱ ሰነዱን ወደ ፒዲኤፍ ቀይሮ ያምጣ፤ እናንተም በክሮም ወይም በኤጅ ብሮውዘር ከፍታችሁ አትሙት። ኢንተርኔት ካገኙ ሁለቱም ራሳቸውን ያድሳሉ፤ ሰነዱንም ከቀረው ኮምፒውተር ነጥለው ነው የሚከፍቱት።

የባሰው መስመሩ ሳይወጣ ሲቀር ነው። ዊንዶውስ “ይህ ከኢንተርኔት የወረደ ነው” የሚለውን ምልክት ከፋይሉ ጋር የሚያስቀምጠው ዲስኩ ኤንቲኤፍኤስ በተባለው የፋይል አቀማመጥ ፎርማት ከተደረገ ብቻ ነው። ብዙው ፍላሽ ፋት32 የተባለው ሌላ ፎርማት ነው፤ ፋይሉ ወደዚያ ሲገለበጥ ምልክቱ ይረግፋል። ከማይታወቅ የቴሌግራም ቻናል የወረደ ሰነድ በፍላሽ ሲመጣ ቤት የተጻፈ መስሎ ይከፈታል። ስለዚህ የፍላሽ ሰነድ ላይ ሁለት ጊዜ ክሊክ አታድርጉ። መጀመሪያ ወርድን ክፈቱ፤ ፋይሉን ስትመርጡ ከኦፕን ቁልፉ ጎን ያለችውን ትንሽ ቀስት ተጭናችሁ “ኦፕን ኢን ፕሮቴክትድ ቪው” በሉት።

ምልክት፦ ሰነዱ ሲከፈት ጥቁር መስኮት ብልጭ ይላል፣ ወይም ወርድ ራሱ ይዘጋል

መዘጋቱ ብቻውን ጥቃት ነው ማለት አይደለም። ተገልብጦ ሳያልቅ ፍላሹ የተነቀለበት ፋይልም እንደዚሁ ያደርጋል። ጥቁሩ መስኮት ከተጨመረበት ግን ጠርጥሩ።

ጥሩ ምሳሌ የድሮው የኦፊስ ቀመር መጻፊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የተሠራው ይህ ፕሮግራም በየኦፊሱ ውስጥ ሲተላለፍ ኖረ። የፎንት ስም በሚገባበት ቦታ ከልክ ያለፈ ረጅም ነገር ሲሰጠው ትርፉ ወደማይገባው የሜሞሪ ክፍል ይፈስሳል፤ አጥቂውም ትእዛዙን በዚያ በኩል ያሾልካል። ማክሮ (ሰነዱ ውስጥ የተቀመጠ ትእዛዝ) መፍቀድ እንኳ አያስፈልግም ነበር። ማይክሮሶፍት ክፍተቱን በኖቬምበር 2017 ደፈነው፤ በጃንዋሪ 2018 ደግሞ መጻፊያውን ከነጭራሹ ከኦፊስ አወጣው። ቀመር በበዛበት የፖሊ ሰነድ መካከል እንዲህ ያለው ነገር ማንንም አያስደነግጥም፤ እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉ ወይም ዋይፋዩን ዝጉ። የደንበኞችን ፋይል ወደ ሌላ ማሽን አትገልብጡ። ከዚያ የኦፊሱን ዕድሜ እዩ። የ2010 ኦፊስ ድጋፍ በኦክቶበር 2020 አብቅቷል፣ የ2007ማ ከዚያም ቀደም ብሎ ነው፤ ለእነዚህ አፕዴት መጠበቅ ከንቱ ነው። ክራክ የሆነው፣ ማለትም ሳይገዛ ተሰብሮ የተጫነው ደግሞ ብዙውን ጊዜ አፕዴቱ አብሮ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። አዲስ ለመግዛት አቅም ከሌለ፣ የወርድ ሰነድ የሚከፍተው ሊብረኦፊስ ነጻ ነው። ገጽ አቀማመጡ አንዳንዴ ይዛነፋል፤ ሰነዱን በፒዲኤፍ አምጡ የምለው ለዚህም ነው።

ምልክት፦ “አልከፈትኩትም፣ አንዴ ብቻ ነው የነካሁት”

እውነት ሊሆን ይችላል። በሜይ 2022 ፎሊና የተባለ ክፍተት ይፋ ሲሆን፣ አርቲኤፍ የተባለው ዓይነት የጽሑፍ ፋይል በፎልደሩ ጎን ባለው ቅድመ እይታ መታየቱ ብቻ ለጥቃት ይበቃ ነበር። የተደፈነው በጁን 2022 የዊንዶውስ አፕዴት ነው። ቅድመ እይታውን ኦልትና ፒን አንድ ላይ ተጭናችሁ ዝጉት።

ምልክት፦ ፒዲኤፉ ወደ ሌላ አድራሻ ልገናኝ ይላል

“ብሎክ” በሉት። አዶቤ ሪደር ላይ ከኤዲት ወደ ፕሪፈረንስስ፣ ከዚያ ጃቫስክሪፕት ገብታችሁ “ኢኔብል አክሮባት ጃቫስክሪፕት” ላይ ያለውን ምልክት አንሱ። ይህ ፒዲኤፍ ውስጥ ያለ ትእዛዝ እንዲሠራ የሚፈቅድ ነው፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ አያስፈልግም።

ምልክት፦ አማርኛው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል

ሀክ አልተደረጋችሁም። በፓወር ግእዝ ወይም መሰል ፎንት የተጻፈ ነው፤ ፎንቱን ጫኑ።

ምልክት፦ አፕዴት አያልቅም፣ ዳታ ይበላል

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ብዙ ማሽን ወደ ኋላ ቀርቷል። ዳታ ለመቆጠብ አፕዴቱን የዘጋም መልሶ አልከፈተውም። እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ የፕሮግራሙን ሙሉ መጫኛ ከአምራቹ ድረ ገጽ አንዴ አወርድና በራሴ ፍላሽ ሦስቱም ማሽኖች ላይ እጭናለሁ፤ የዊንዶውሱን ደግሞ ማታ ሱቁን ስዘጋ እለቀዋለሁ። ያ ፍላሽ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ለደንበኛ አይሰጥም።