የሥራ ቦታን የእሳት ስጋት በስልክ መገምገም

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ ጥሎበታል። በብዙ ድርጅቶች ግን የእሳት ስጋት ግምገማ ማለት ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው ሞልተውት ፋይል ውስጥ የገባ ወረቀት ነው። ይህን ልማድ ለማስቀረት አንድ አንድሮይድ ስልክና ኮቦ ቱልቦክስ የተባለው የመረጃ መሰብሰቢያ ይበቃሉ። ለምሳሌ አንድ የልብስ ስፌት ድርጅት እንውሰድ።

ቅጹን በኮምፒውተር ካዘጋጃችሁ በኋላ ኮቦ ኮሌክት በተባለው መተግበሪያ ወደ ስልኩ አውርዱት፤ ኔትወርክ በሌለበት ምድር ቤት እንኳ ይሞላል፣ መስመር ሲገኝ ይልካል። ጥያቄዎቹን በአማርኛ ጻፏቸው፤ ጥበቃውም የፈረቃ ኃላፊውም ሊሞሉት ይገባልና። የቀን ጥያቄውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲታይ ማድረግ ይቻላል። ጉድለት በተመዘገበ ቁጥር ፎቶ ካልተነሣ ቅጹ እንዳያልፍ አድርጉ፤ እኔ ከሁሉም አብልጬ የምመክረው ይህን ነው።

ጉብኝቱን የመውጫውን በር በመፈተሽ ጀምሩ። ከበሩ እጅግ ርቃ ከምትሠራው ሠራተኛ ወንበር ተነሥታችሁ፣ በስልኩ ሰዓት እየቆጠራችሁ፣ እስከ ግቢው ድረስ ተራመዱ። መንገዱን የጨርቅ ጥቅል ዘግቶት እንደሆነ ፎቶ አንሡ። «በሩ ይከፈታል» የሚለውን መልስ አትቀበሉ፤ አንዲት ሠራተኛ ከውስጥ ሆና ትክፈተው፤ ቁልፉ ዘበኛው ኪስ ውስጥ ከተገኘ በዚያው ቅጽበት ከፍተኛ ስጋት ተብሎ ይመዝገብ።

ከዚያ ወደ ኤሌክትሪኩ እለፉ። እያንዳንዳቸው 2,000 ዋት የሚፈጁ ሁለት ካውያዎች በ220 ቮልት ላይ በአንድነት ከ18 አምፔር በላይ ይስባሉ፤ የተሰኩበት ማከፋፈያ ግን ጀርባው ላይ 10 ወይም 16 አምፔር የሚል ጽሑፍ ሊኖረው ይችላል። ዋቱ ሲገባ አምፔሩን ራሱ የሚያሰላ ጥያቄ በቅጹ ውስጥ አስገቡ፤ መዝጋቢው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መሆን አያስፈልገውም። የቡና ከሰል የሚቀጣጠልበትንና የጄኔሬተሩ ናፍጣ የሚቀመጥበትን ቦታም አትለፉ።

የዱቄት እሳት ማጥፊያ የግፊት መለኪያው አረንጓዴው ላይ መሆኑን ፎቶው ያሳያል። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን መለኪያ ስለሌለው መመዘን አለበት፤ ከጋዙ ክብደት ከ10 በመቶ በላይ ከጎደለ ይሞላ።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የመንገዱ መጣበብ የእሳት አደጋ መኪኖችን ሥራ አክብዶ ነበር፤ ስለዚህ የመግቢያችሁን ስፋት ለክታችሁ መዝግቡ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ የእሳት አደጋ መጥሪያው ስልክ ቁጥር 939 በግድግዳው ላይ መለጠፉንም አረጋግጡ።

ለእያንዳንዱ ጉድለት የመከሠት ዕድሉን ከ1 እስከ 5፣ ጉዳቱን ከ1 እስከ 5 ሰጥታችሁ አባዙ። በእኔ አሠራር 15ና ከዚያ በላይ ያገኘ ጉድለት በዕለቱ ይታረማል፤ ለሌላው ኃላፊና የመጨረሻ ቀን ይጻፍለታል። መተግበሪያው ቅጹ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ሰዓት እንዲይዝ ማድረግም ትችላላችሁ፤ 40 ጥያቄ በ4 ደቂቃ ተሞልቶ ከመጣ ማንም አልዞረምና ይመለስ። የታረመው ጉድለት የሚዘጋው በቃል ሪፖርት ሳይሆን፣ ከመጀመሪያው ፎቶ ጋር በአንድ አቅጣጫ በተነሣ ሁለተኛ ፎቶ ነው።