መብራት ሲጠፋም ማንበቡን የማያቆም ልጅ፦ በእንግሊዝኛ ተረት ንባብ ስናስጀምር የሚገጥም ችግርና መፍትሄው

አዲስ አበባ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከኮሙናል (የጋራ መገልገያ) ቤቶቹ በአንዱ፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላና ቅዳሜ ጠዋት ልጆች አስጠናለሁ። የእንግሊዝኛ ንባብ የማስጀምራቸው በአጫጭር ተረት ነው፤ ስድስት ሰባት ዓረፍተ ነገር፣ አንዲት ዶሮ ወይ አንድ ፍየል ያለበት። ከታች የጻፍኩት ደጋግሜ ያየሁትን ነው። ልጁ 26ቱን ፊደላት ትልቁንም ትንሹንም እንደሚለይ፣ ዓይኑ ሰሌዳውን እንደሚያይ፣ ምሳ በልቶ እንደመጣ አረጋግጣችኋል ብዬ እጀምራለሁ።

ምልክት፦ ተረቱን እንደ ውሃ ያወርደዋል፤ ከመሃል አንድ ቃል ስትጠቁሙት ግን ዝም ይላል

ዋናው ይሄ ነው። ሌላውን ሁሉ ባታነቡ ይቺን አንብቡ።

አንዲት እናት የሁለተኛ ክፍል ልጇን ከነእህቱ ይዛ መጣች። «እሱ እንኳን አንባቢ ነው፤ እሷን ነው እንድታይልኝ የፈለግኩት» አለችኝ። እስቲ ልስማህ አልኩት። ጀመረ። «ቤን ሃዝ ኤ ሄን። ዘ ሄን ኢዝ ሬድ።» ነሐሴ ነው፣ ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ውጭ ዝናብ። እዚህ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ሌሎቹ ልጆች እንደ ወትሮው ጮኹ። እሱ ግን ቀጠለ። «ዘ ሄን ሳት ኢን ኤ ፓን። ቤን ጎት ማድ።» ድምፁም አልተዛነፈ፣ ነጥቡም ጋ ማረፉን አልረሳም። የስልኬን መብራት ሳበራ እናቱ ልጁን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው።

መንስኤው ግልጽ ነው፤ ሸምድዶታል። ልጁን ግን አትቆጡት፣ ያዘዝነውን ነው የፈጸመው። ልጅ በተጨናነቀበት ክፍል መምህሩ አንድ መስመር ይላል፣ ክፍሉ ይቀበላል። ፊት የተቀመጡት ሦስቱ ገጹን ያያሉ፤ የቀሩት የጓደኛቸውን ድምፅ ይከተላሉ። ቤት ሲደርስ አባት ስልክ አውጥቶ ይቀርጸዋል፣ ለአክስት ይልካል፣ አክስትም ታጨበጭባለች። ተረት ደግሞ ለዚህ በሽታ የተመቸ ነው። ጥሩ ተረት ይደጋግማል፣ ዜማ አለው፣ ቀጥሎ የሚመጣው ይታወቃል። ተረቱ ባማረ ቁጥር ልጁ ቶሎ ይይዘዋል፤ ቶሎ በያዘው ቁጥር ደግሞ ወረቀቱን ማየት ይተዋል።

ይህን የኔታ ከጥንት ያውቁታል። ሀ ሁ ሂን በዜማ የያዘ የቆሎ ተማሪ ገበታውን ሳያይ እንደሚዘልቀው ስለሚያውቁ፣ ሀሁ ሲያልቅ አቡጊዳ ያመጡበታል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ፊደሉ ያው ነው፣ ተራው ግን ተቀላቅሏል፤ የቀድሞው ዜማ አያድነውም፣ ማየት ግድ ይሆንበታል። ፒተር ዳንኤልስ የሚባል የጽሕፈት ሥርዓት አጥኚ እንደኛ ያለውን ፊደል በሙሉ በ1990 እ.ኤ.አ. «አቡጊዳ» ብሎ ሰይሞታል። ስሙን ዓለም ወሰደው፤ እኛ ደግሞ ዘዴውን የኔታ ጋ ትተነው መጣን።

ስለዚህ መፍትሄው፦ ተረቱን አቡጊዳ አድርጉት።

የአሮጌ ካሌንደር ጀርባ ውሰዱ፣ ወፍራምና ነጭ ስለሆነ ይመቻል። የደብተር ወረቀት ይቀደዳል፣ ብርሃን ላይ ሲያዝም ከጀርባው ያሳያል። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በአንድ ቁራጭ ላይ በትልቁ ጻፉ፣ ቆራርጣችሁ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ጨምሩ። ልጁ እጁን ከትቶ አንድ ያወጣል፤ ጣቱን ከእያንዳንዱ ቃል ሥር እያሳለፈ ያነባል። የቤተ ክህነት ተማሪ በስንደዶ እንደሚጠቁመው ማለት ነው። ጣቱ ከአፉ ከቀደመ ወይም ከዘገየ እያነበበ አይደለም፤ አስቁሙት፣ ከዚያው ቃል አስጀምሩት። ስድስቱንም ካወጣ በኋላ ወለሉ ላይ ደርድሮ ተረቱን ያስተካክል። በማግስቱ አንዱን ዓረፍተ ነገር ወደ ቃላት ቆራርጡት።

ቀጥሎ የምወደው ክፍል ይመጣል፤ እኔ «አታላይ» እለዋለሁ። አንድ ፊደል የተቀየረበት ቁራጭ ጽፋችሁ ሳትናገሩ ጣሳው ውስጥ ጣሉ። «ዘ ሄን ሳት ኢን ኤ ፓን» የነበረው «ዘ ሜን ሳት ኢን ኤ ፓን» ይሁን። የሸመደደው ልጅ ሳይጠራጠር «ሄን» ብሎ ያልፋል። የሚያነበው ይቆማል፣ ወደ እናንተ ያያል፣ እንደገና ወረቀቱን ያያል። አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ እንዲህ ቆማ ቆማ በሳቅ ፈረሰች፦ «ቲቸር፣ ሰዎቹ መጥበሻ ላይ ተቀመጡ!» ከዚያ በኋላ ለእሷ ፈተና አላስፈለገኝም።

ማስጠንቀቂያዎቹ ሁሉ እኔው ተሳስቼ ያየኋቸው ናቸው። ቁራጮቹ ጀርባ ላይ ቁጥር አትጻፉ፤ ጽፌ ነበር፣ በሁለተኛው ቀን ቁጥሩን አንብበው ዓረፍተ ነገሩን አሉልኝ። በተለያየ ቀለም አትጻፉ፤ «ሰማያዊው ቤን ጎት ማድ ነው» ይላሉ። ሥዕል አትጨምሩ። ቁራጮቹን ሳትቀይሩ ወር አታቆዩ። አንዱ ላይ ሻይ ፈስሶበት ነበር፤ «ሻይ ያለበት» ተብሎ ታወቀ፣ ማንም ፊደሉን አያየውም ነበር። ቁራጮቹም በአንድ ልክ ይቆረጡ፤ አጭሩን በመዳሰስ ብቻ የሚያውቅ ልጅ አለ።

ስለ መጻሕፍቱም ልናገር። በየመንገዱ የሚሸጡት የፎቶ ኮፒ ተረቶች ሽምደዳን እንደሚያግዙ ሆነው የተሠሩ ይመስላሉ፤ ሥዕሉ ጥቁር ጉድፍ ሆኗል፣ የመጨረሻው ፊደል ከጠርዝ ተቆርጧል፣ ስቴፕለሩ በገጹ መሃል ገብቷል። አንድ ጊዜ ደርዘን ገዝቼ ሳድል ሁሉም ገጽ አምስት እንደሌላቸው አላየሁም። ልጆቹ ተረቱን ክፍላቸው ውስጥ ተምረውት ኖሮ፣ ሁሉም ተራ በተራ የሌለውን ገጽ ጭምር አነበቡልኝ። የጎደለውን ያወቅኩት ማታ ቤቴ ገብቼ ነው።

የመብራቱ ልጅ በጣሳው ስድስት ሳምንት ያህል ቆየ። እዚያው ወንበር ላይ ሲያነብ ኅዳር ውስጥ መብራት ሄደ። ቃሉን መሃል ላይ ቆርጦ «ቲቸር፣ አይታየኝም» አለ።

ምልክት፦ ያነባል፣ ግን ዓይኑ ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ ብሏል

ደብተሩን ቀና አድርጋችሁ እዩ። ቤት ውስጥ የሆነ ሰው በየቃሉ ሥር በእርሳስ «ዘ»፣ «ሄን»፣ «ኢዝ»፣ «ሬድ» ብሎ በፊደላችን ጽፎለታል። ልጁ የሚያነበው አማርኛ ነው፤ ያውም ትርጉም የሌለው አማርኛ። (እዚህ እኔም እንግሊዝኛውን በፊደላችን እየጻፍኩ ነው፤ ለእናንተ እንጂ ለልጁ አይደለም። ይህን ጽሑፍ ለልጅ አትስጡ።)

አንድ አባት፣ የሚኒባስ ሹፌር ናቸው፣ ሌሊት ተቀምጠው ሃያ ገጽ እንዲህ አድርገው ጽፈው አመጡ፤ እጅ ጽሕፈታቸው ደግሞ እንደ መጽሐፍ ነው። እንዴት ብዬ ላጥፋው? «ጋሼ፣ ልጁ የሚያየው የእርስዎን ጽሑፍ ብቻ ነው» አልኳቸው። «ታዲያ እኔ እንግሊዝኛ ሳልችል በምን ልርዳው?» አሉ። ጥያቄው ትክክል ነው። ለእሳቸው የሰጠሁት ሥራ ይሄ ነው፦ ጣሳውን ይዘው ይቀመጡ፤ ልጁ ቁራጭ ያውጣ፣ ያንብብ፣ ከዚያ ምን እንደሚል በአማርኛ ይንገራቸው። ወሬው ዶሮዋ መጥበሻ ውስጥ ገባች ሲል እየሳቁ ያዳምጣሉ፤ ሲንተባተብ ያኛውን ቁራጭ ለይተው ለእኔ ይልካሉ። ከእኔ የተሻሉ ረዳት ሆኑ። የተጻፈበትን ገጽ በላጲስ አጥፉ፤ በእስክሪብቶ ከሆነ አዲስ ኮፒ አውጡ።

ምልክት፦ «ሲ… ኤ… ቲ…» ይልና «ሲያቲ» ብሎ ይጨርሳል

መንስኤው የፊደሉን ስም እንደ ድምፁ መውሰዱ ነው። የእኛ ፊደል አያታልልም፤ መ ስሙም ድምፁም መ ነው። የእንግሊዝኛው «ኤች» ስሙ ውስጥ ህ የሚል ድምፅ የለውም፤ «ደብሊው»ም ስሙ የሚጀምረው በድ ነው። ለሁለት ሳምንት ስማቸውን አትጥሩ፤ ድምፃቸውን ብቻ። ስታሰሙም ተነባቢው በሳድስ (በስድስተኛው ድምፅ) ይሁን፦ ክ፣ አ፣ ት። ብዙ መምህር «ከ፣ አ፣ ተ» ይላል፤ ልጁ ሲያጣብቀው «ከአተ» ሆኖ ይወጣል፣ ከዚያ ልጁ ይወቀሳል። ሳድስ ያለን ሰዎች ሳለን በግዕዝ፣ በመጀመሪያው ድምፅ፣ መጀመራችን ያስቆጨኛል።

የግድግዳ ፖስተሮቹን ተጠንቀቁ። «ኤክስ» ጋ ሁልጊዜ ዛይሎፎን ነው። ልጁ መሣሪያውን አላየውም፣ ቃሉም የሚጀምረው በዝ ነው። ፊደሉ ሥራ የሚሠራው «ቦክስ» እና «ሲክስ» መጨረሻ ላይ ነው።

ምልክት፦ «ካት» የሚለውን «ጨት»፣ «ቦክስ»ን «ቦጥ» ይላል

ይሄ የከተማው ጠርዝ ላይ የምናገኘው ነው። ከለገጣፎና ከአካባቢው የሚመጡ፣ አፋን ኦሮሞ በቁቤ ያነበቡ ልጆች ናቸው። ቁቤ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአፋን ኦሮሞ ይፋዊ ጽሕፈት ነው፤ የላቲን ፊደል ነው፣ ግን «ሲ» ጭ፣ «ኤክስ» ጥ፣ «ኪው» ቅ፣ «ፒ» እና «ኤች» አንድ ላይ ጵ ናቸው። ልጁ አልተሳሳተም፤ በሚያውቀው ሕግ በትክክል አንብቧል። እንዲያውም ተነባቢና አናባቢ ለየብቻ መጻፉን ስለለመደ ከሌሎቹ ይቀድማል።

የመጀመሪያዋ ልጅ «ጨት» ስትል ክፍሉ «ጫት አለች!» ብሎ ሳቀ፤ እኔም ፈገግ አልኩ። ሦስት ሳምንት አፏን አልከፈተችም። ያንን ፈገግታ አሁንም እጸጸትበታለሁ። አሁን እንዲህ ያለ ልጅ ሲመጣ በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ አወጣዋለሁ፤ እነዚያን ፊደሎች በሁለት ዓምድ ጽፎ፣ በቁቤ ምን እንደሚሉ ለእኛ ያስተምራል። ከዚያ የእንግሊዝኛውን አንድ ላይ እንሞላለን። አብዛኛውን ጊዜ ሳምንት አይፈጅም።

ምልክት፦ ሁሉንም ቃል ያነባል፣ ምን እንደተባለ አያውቅም

ተረቱ ከብዶታል። ሁ እና ኔሽን የሚባሉ የቋንቋ አጥኚዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አንባቢ ያለ ረዳት እንዲረዳ ከመቶ ቃል 98ቱን ማወቅ አለበት። የሃምሳ ቃል ተረት ከሆነ አንድ አዲስ ቃል ማለት ነው። ስለ በረዶ ሰውና ስለ ምድጃ ካልሲ የሚያወራ ተረት ለአባዶ ልጅ ከዚህ ፈተና አያልፍም። ስቶሪዊቨርና አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባሉ ድረ ገጾች ላይ በነፃ የሚወርዱ አሉ፤ ስቶሪዊቨር በደረጃ የተከፈለ ስለሆነ ከደረጃ አንድ ጀምሩ። ካልተመቸ ራሳችሁ ጻፉ። መጀመሪያ ወሬውን በአማርኛ ተርኩለት፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ያንብበው። መስመር በመስመር አትተርጉሙ፤ ትርጉሙን ይጠብቃል እንጂ አያነብም።

አልፎ አልፎ የሚታዩ

«ሴድ»ን «ሳይድ»፣ «ዋዝ»ን «ዋስ» ይላል፦ በድምፅ የማይፈቱ ቃላት ናቸው፣ እንደ መልክ ይያዙ። ኤድዋርድ ዶልች በ1936 እ.ኤ.አ. የሰበሰበው፣ በልጆች መጻሕፍት ደጋግመው የሚመጡ የ220 ቃላት ዝርዝር አለ፤ በሳምንት አምስት ስጡ፣ ዝርዝሩን ግን ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ በዜማ አታስብሉ፤ ወደ መጀመሪያው ምልክት ይመልሳችኋል።

«ስቶፕ»ን «እስቶፕ» ይላል፦ ተዉት፣ አነጋገር ነው። ሲጽፍ መጀመሪያው ላይ ፊደል ከጨመረ ብቻ አርሙት።

«ቢ» እና «ዲ» ይምታቱበታል፦ ትንንሾቹ ላይ የተለመደ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ቀን አታስተምሩ።

ሰሌዳ ላይ «ኤ»ን ያውቃታል፣ መጽሐፍ ላይ አያውቃትም፦ የታተመችው ትንሿ «ኤ» ከላይ ቆብ አላት፣ በእጅ የምንጽፋት የላትም። «ጂ»ም እንዲሁ። ሁለቱንም መልክ ጎን ለጎን አሳዩት፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።