የግቢዎን ቀይ ወፍና ጥቁር ጎረቤቷን እንዴት እንደሚከታተሉ

ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ ወይም ቢሾፍቱ የሚኖር ሰው እህል በተበጠረበት መሬት ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚለቅሙ ደቃቅ ቀይ ወፎችን ሳያይ አይቀርም። ቀይ ምንቃር ያላት ይህች ፋየርፊንች ከሰው መኖሪያ ስለማትርቅ፣ ኑሮዋን ለማወቅ ትዕግሥትና ጥቂት ዳጉሳ ይበቃል።

መጀመሪያ ቦታ ያዘጋጁ። ወፏ በአብዛኛው የምትለቅመው ከመሬት ነውና ዕቃ መስቀል አያስፈልግም። ከቁጥቋጦ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ያለ መሬት ይጥረጉና እፍኝ የማይሞላ ዳጉሳ ይበትኑ፤ ቁጥቋጦው በጣም ከቀረበ ድመት ያደባበታል። ጥልቀት በሌለው ሳህን ውሃ ያስቀምጡ፤ በየቀኑም ይቀይሩት።

ቀጥሎ በማለዳ ራቅ ብለው ጸጥ ብለው ይቀመጡ። ወንዱ ከራሱ እስከ ደረቱ ቀይ ነው። ሴቷ ቡናማ ስትሆን፣ ቅላቷ በዓይኗና በምንቃሯ መካከል እንዲሁም ከጅራቷ በላይ ብቻ ይታያል። ሁለቱም በደረታቸው ጎን ጥቃቅን ነጭ ነጠብጣብ አላቸው፤ ርዝመታቸውም 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ወንዱ ላባ በምንቃሩ ይዞ በሴቷ ፊት ከፍ ዝቅ ሲል ካዩ ዓይንዎን አይንቀሉ፤ ሴቷን የሚያባብለው እንዲህ ነው።

ጎጆዋን በግድግዳ ስንጥቅ፣ በሣር ክዳን ወይም በቁጥቋጦ ውስጥ ይፈልጉ። ከሣር የተሠራ ድቡልቡል ጎጆ ነው፤ ውስጡም ላባ ተነጥፎበታል። ነጫጭ እንቁላሎቿን ወንዱም ሴቷም እየተፈራረቁ ለ11 ቀን ያህል ይታቀፋሉ። እጅዎን ፈጽሞ አያስገቡ፤ የተረበሹ ወላጆች ጎጆውን ጥለው ሊሄዱ ይችላሉ።

አሁን ቀና ብለው ከፍ ወዳለ ቅርንጫፍ ይመልከቱ። በመራቢያ ወቅት ከቀን ወደ ቀን በአንድ ዛፍ ላይ እየተመላለሰ የሚዘምር፣ ሰማያዊ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ወፍ ካገኙ ኢንዲጎበርድ ሊሆን ይችላል። ጆሮዎን ይስጡት፤ በዜማው መካከል የፋየርፊንችን ድምፅ ያስገባል። የዚህ ወፍ ሴት የራሷ ጎጆ የላትም፤ እንቁላሏን የምትጥለው በፋየርፊንች ጎጆ ውስጥ ነው። ጫጩቷ አፉን ሲከፍት የሚታየው ጥቁር ነጠብጣብ ከባለቤቶቹ ልጆች አፍ ጋር ስለሚመሳሰል፣ አሳዳጊዎቹ ሳይለዩ ይመግቡታል። ወንዱ ጫጩትም አድጎ የሚዘምረው ያሳደጉትን ወፎች ዜማ ነው። ጀርመናዊው ተመራማሪ ዩርገን ኒኮላይ ይህን የዜማና የአፍ መመሳሰል በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በስፋት አስረድቷል።

ጥቁሩን ወፍ ጠላት ነው ብለው አያባርሩት። እንደ ኢንዲጎበርድ በሌላ ወፍ ጎጆ እንቁላሉን ከሚጥሉ ወፎች አንዱ ኩኩ ሲሆን፣ የአንዳንድ ኩኩዎች ጫጩት የአሳዳጊዎቹን እንቁላል ከጎጆ ገፍቶ ይጥላል፤ የኢንዲጎበርድ ጫጩት ግን ከባለቤቶቹ ልጆች ጋር አብሮ ያድጋል።

በመጨረሻም ኢንዲጎበርዱ የዘፈነበትን ዛፍና ቀኑን በደብተር ይመዝግቡ። የመራቢያው ወቅት ሲያልፍ ወንዱ ጥቁር ላባውን በቡናማ ዝንጉርጉር ይለውጣልና፣ ያን ጊዜ ከሴቷ ለመለየት ይቸገራሉ።