ታሪኩን ተዉትና ጥላውን ተከተሉ፦ የድሮ የመርማሪ ፊልም እንዴት ይታያል?

የዳሺል ሃሜት ልቦለድ "ዘ ማልቲዝ ፋልከን" በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ፊልም ሆኗል። በ1931፣ በ1936 እና በ1941 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ዛሬ የሚያነሳ ጥቂት ነው። ሦስተኛው ግን ሰማንያ ዓመት አልፎትም ሰው ፈልጎ ያየዋል። የ1931ዱ እኮ ታሪኩን ብዙም አልለወጠም፣ ገዳዩም ያው ነው። ታዲያ ሦስተኛውን ያቆየው ምንድን ነው? አሠራሩ ነው። እኔ ይህን እስክረዳ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ገዳዩን ብቻ እየጠበቅኩ አይ ነበር፤ ሲታወቅ ደግሞ "በቃ፣ ይኸው ነው?" ብዬ እዘጋዋለሁ።

እናም ለመጀመር የ1941ዱን ያዙ። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ነው። ጆን ሂውስተን ለመጀመሪያ ጊዜ ዳይሬክተር የሆነበት ሥራ ነው፤ ሃምፍሬይ ቦጋርት ሳም ስፔድ የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ የግል መርማሪ ሆኖ ይተውናል። ከዚህ በታች መጨረሻውን ስለማነሳ፣ ያላያችሁ መጀመሪያ አይታችሁት ብትመለሱ ይሻላል።

በመጀመሪያ ክፍሉን አዘጋጁ። ማታ ይሁን፣ መብራት ይጥፋ፣ በስልክ አትዩት። ይህን እንደ ቀላል ነገር እንዳታልፉት። አንድ ቅዳሜ ማታ ጓደኞቼን ሰብስቤ ይህንኑ ፊልም ላሳያቸው ስል ምስሉ የጨለመ መሰለኝና የቴሌቪዥኑን ብራይትነስ ሰቀልኩት። ጥቁሩ ሁሉ አመድ ሆነ። ፊቶቹ ጠፍጣፋ ሆኑ፣ ጥግ ላይ የነበረው ጥላ ግድግዳው ላይ እንዳለ ቆሻሻ መሰለ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም በየስልኩ ገባ። በጣም ከፋኝ። ያበላሸሁት እኔ መሆኔ የገባኝ በማግስቱ ብቻዬን ወደ ነበረበት መልሼ ሳየው ነው። ስለዚህ ብራይትነሱን አትንኩት። ጨለማው ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።

ቀለም የተቀባ ቅጂ ካገኛችሁም እለፉት። ይህ ፊልም በ1980ዎቹ በኮምፒውተር ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ ሂውስተን ራሱ በሕይወት እያለ አጥብቆ ተቃውሞታል። እውነቱን ነው። ለጥቁርና ነጭ የተሠራ መብራት ላይ ቀለም ስትደፉበት የቀረው ልብስና ግድግዳ ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ዙር ዝም ብላችሁ እዩ። ሰዎቹ ፈጥነው ስለሚያወሩ ሰብታይትል ክፈቱ። ማን ማንን እንደሚያሳድድ ቢምታታባችሁ አትጨነቁ።

ዋናው ሥራ በሁለተኛው ዙር ነው፦ መብራቱን ማንበብ። እዚህ ላይ ቀስ እንበል። በስቱዲዮ ልማድ አንድ ፊት ላይ ሦስት መብራት ያርፋል። አንዱ ዋናው ነው። ሁለተኛው ዋናው የፈጠረውን ጥላ ያለሳልሳል። ሦስተኛው ከኋላ ሆኖ ሰውየውን ከግድግዳው ይለያል። በኗር ፊልም፣ ማለትም እንደዚህ ባለው ጥላ የበዛበት የወንጀል ፊልም፣ ሁለተኛውን በጣም ይቀንሱታል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ያጠፉታል። በቃ፣ ያ ሁሉ ምስጢር የሚጀምረው ከዚህች ትንሽ ውሳኔ ነው።

በቃል ከምነግራችሁ ሞክሩት። የቤቱን መብራት አጥፉ። የጠረጴዛ መብራት ወይም የስልካችሁን ባትሪ ከአንድ ሰው ፊት በስተጎን ያዙ። ግማሽ ፊቱ ይጠፋል፣ የቀረው አንድ ዓይን ነው። አሁን በጨለመው በኩል አንድ ነጭ ወረቀት አስጠጉ። የጠፋው ጉንጭ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ወረቀቱን አርቁት፣ መልሶ ይጠፋል። ሰውየው ምንም አላደረገም፣ ፊቱም አልተለወጠም። ግን ወረቀቱ ሲርቅ የሆነ ነገር የደበቀ ይመስላል። እኔ ይህን በወንድሜ ፊት ላይ ሞክሬ ካየሁ በኋላ እነዚህን ፊልሞች እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም።

ይህን ከያዛችሁ በየትዕይንቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ መብራቱ ከየት ነው የሚመጣው? ከመስኮት? ከጠረጴዛ? ከመንገድ? ፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ የስፔድና የሽርካው የአርቸር ስም የመስኮቱ መስታወት ላይ ተጽፏል፤ የጽሑፉ ጥላ ደግሞ ቢሯቸው ወለል ላይ ያርፋል። አርቸር ያን ጊዜ በሕይወት አለ። ብዙም ሳይቆይ ይገደላል፣ ስፔድም የሟቹን ስም ከበሩና ከመስኮቱ እንዲያነሱ ያዛል። ያቺን የወለል ላይ ጥላ ሦስት ጊዜ አይቼ አላስተዋልኳትም ነበር። በአራተኛው ግን ሰውነቴን ወረረኝ።

ይህ የጥላ አሠራር ከየት መጣ ካላችሁ፣ ትልቁ ምንጭ የ1920ዎቹ የጀርመን ፊልም ነው። እነ ፍሪትዝ ላንግ፣ ሮበርት ሲዮድማክና ቢሊ ዋይልደር ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ሸሽተው ሆሊውድ ገብተዋል፣ የኋላ ኋላም ከታወቁት የኗር ዳይሬክተሮች ሆነዋል። "ፊልም ኗር" የሚለው ስም ራሱ ፈረንሳይኛ ነው፣ "ጥቁር ፊልም" ማለት ነው። ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ ፊልሞች ተከማችተው ፓሪስ ሲገቡ፣ ኒኖ ፍራንክ የተባለ ሃያሲ በ1946 በዚህ ስም ጠራቸው።

ቀጥሎ ካሜራው የት እንደቆመ እዩ። ፊልሙ የተሰየመባትን የጭልፊት ሐውልት የሚያሳድደውን ወፍራሙን ጋትማን ሲያነሳ ካሜራማኑ አርተር ኤድሰን ዝቅ ብሎ ነው፤ የሰውየው ሆድ ስክሪኑን ይሞላዋል፣ ክፍሉ ይጠብባችኋል። ጋትማንን የሚሠራው ሲድኒ ግሪንስትሪት ዕድሜውን በመድረክ ቴአትር ያሳለፈ ሰው ነው። ይህ የመጀመሪያ ፊልሙ ነበር፣ በስልሳ አንድ ዓመቱ።

ከዚያ የማይታየውን ፈልጉ። አርቸር ሲገደል የምናየው ሽጉጡንና ሟቹን ነው፣ ገዳዩን አናይም። ቀጥሎ በጨለማ ክፍል ውስጥ ስልክ ይጮሃል። አንድ እጅ መጥቶ ስልኩን ይወስደዋል፣ ካሜራው ግን እጁን አይከተልም፤ መስኮቱና በነፋስ የሚወዛወዘው መጋረጃ ላይ ይቀራል። ስፔድ የሽርካውን መርዶ ሲሰማ እኛ ድምፁን ብቻ እንሰማለን። ፊቱን ብናይ ኖሮ አዘነ ወይም አላዘነም ብለን እንፈርድ ነበር። ዳይሬክተሩ ያን ዕድል ነፈገን፣ እስከ መጨረሻውም ስለዚህ ሰው እርግጠኛ አንሆንም።

የድምፁን ነገር በአንድ መስመር ልለፈው፦ የወደዳችሁትን ትዕይንት አንዴ ድምፁን አጥፍታችሁ ድገሙት። እኔ የስፔድን እጅ ያየሁት እንደዚያ ነው። ስፔድ በጋትማን ክፍል ውስጥ ይጮሃል፣ ብርጭቆ ይሰብራል፣ በሩን ደርግሞ ይወጣል። ኮሪደሩ ላይ ግን ፈገግ ይላል። ቁጣው ትወና ነበር ማለት ነው። ከዚያ ዝቅ ብሎ እጁን ያያል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ፍርሃቱስ? እሱ እውነት ነበር። አንድም ቃል አልተነገረም።

መጨረሻ ላይ ገዳይዋ፣ ሜሪ አስተር የምትሠራት ሴት፣ ከፖሊሱ ጋር ሊፍት ውስጥ ስትገባ ሪሞቱ እጃችሁ ላይ ይሁን። የሊፍቱ የብረት በር ይዘጋል፣ የብረቶቹም ጥላ ፊቷ ላይ ያርፋል። እዚያ ጋ አቁሙት። እስር ቤት አላየንም፣ ዳኛም አላየንም። ዓይኖቿን እዩ፣ መብራቱ ከየት እንደመጣ ፈልጉ፣ ከዚያ ልቀቁት፤ ሊፍቱ ይዟት ሲወርድ ስፔድ ያቺን የወፍ ሐውልት ታቅፎ በደረጃው ይወርዳል።