የወረቀት ድልድያችሁ ለምን ወደቀ? ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ድልድይ ሲወድቅ የመጀመሪያው ሰበብ አይቀየርም። «ወረቀቱ አልቻለም» ይባላል። እኔ በምሠራበት ላብራቶሪ የተማሪዎችን የወረቀት ድልድይ ስመዝን፣ ስጭንና ስብርባሪውን ስለቅም ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ወረቀቱ ራሱ ተበጥሶ የወደቀውን በአንድ እጄ ጣቶች እቆጥረዋለሁ። ሌላው ሁሉ ወይ ወደ ጎን ተኝቷል፣ ወይ መገጣጠሚያው ተላቋል፣ ወይ ኮላው ሳይደርቅ መጥቷል።

ሦስት ማዕዘን ለምን እንደሚጠቅም አልነግራችሁም። የውድድሩን ሕግም አንብባችኋል ብዬ ልነሳ። የማወራው ስለተለመደው ዓይነት ውድድር ነው። ክፍተቱ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የሚፈቀደው ኤ4 ወረቀትና ኮላ ብቻ፣ መሃል ላይ ባልዲ ተንጠልጥሎ አሸዋ ይጨመርበታል። ነጥቡ የሚሰላው የተሸከመው ክብደት ለራሱ ክብደት ተካፍሎ ነው።

ምልክት፦ ዝም ብሎ ቆይቶ ድንገት ወደ ጎን ተኛ

አብዛኛው ድልድይ የሚያልቀው እዚህ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ።

ድልድይ ሲጫን የላይኛው አግዳሚ ይጨመቃል፣ የታችኛው ይሳባል። ከኤ4 ላይ ሁለት ሴንቲ የሚሰፋ ሰቅ ቆርጣችሁ ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ ሳቡት። ጣታችሁን ያማችኋል እንጂ እሱ ንቅንቅ አይልም። አሁን ጫፎቹን ወደ መሃል ግፏቸው። ወዲያው ጎበጠ። ወረቀት ሲስቡት ጀግና፣ ሲገፉት ፈሪ ነው። ቱቦ አድርጋችሁ ብትጠቀልሉት ጉብጠቱ ይዘገያል እንጂ አይቀርም።

የሒሳብ ሊቁ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1744 ያወጣው ቀመር ይህንኑ ነው የሚለው። የዘንጉን ርዝመት በግማሽ ስታሳጥሩት፣ የሚጎብጥበት ጭነት አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ሁላችሁም ለፈተና ሸምድዳችሁታል። ጥያቄው የትኛው ርዝመት የሚለው ነው።

ድልድዩን ከጎን ስታዩት የላይኛው አግዳሚ በየ12 ሴንቲው በሰያፍ ዘንጎች ተይዟል። ስለዚህ ወደ ላይም ወደ ታችም አይጎብጥም። አሁን ከላይ ሆናችሁ እዩት። ከዳር እስከ ዳር 48 ሴንቲ፣ ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው አንድም ነገር የለም። እሱም የሚሄደው ወደዚያው ነው። የ12 እና የ48 ልዩነት በርዝመት አራት እጥፍ፣ በጭነት ግን 16 እጥፍ ነው። ወረቀቱ ምን አደረገ?

አንድ ጊዜ የሦስተኛ ዓመት ልጆች ድልድይ በልምምድ ላይ 9 ኪሎ ሲደርስ ተኛ። ልጆቹ ሌሊቱን ሙሉ ሠርተው የታችኛውን አግዳሚና ሰያፎቹን በእጥፍ አወፍረው መጡ። 9 ኪሎ ተኩል ላይ ተኛ። ባልዲውን ሳወርድለት ድልድዩ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ልጆቹ አጨበጨቡ፣ «አልተጎዳም!» አሉ። ጠጋ ብዬ ሳየው የላይኛው አግዳሚ ጎን ላይ ፀጉር የምታክል እጥፋት ተሰምራለች። ወረቀት አንዴ ከታጠፈ ያንን መስመር አይረሳም። በሚቀጥለው ጭነት የሚሰበረው እዚያው ነው። አንድ ጊዜ የተኛ ዘንግ ቀና ቢልም ይቀየራል፣ አይጠገንም።

አዲስ አግዳሚ አስገቡና ሁለቱን ጎኖች ከላይ በኤክስ ቅርጽ አሰሩልኝ። የጨመሩት ክብደት አንድ ሉክ ወረቀት፣ ማለትም 5 ግራም ቢሆን ነው። ከ20 ኪሎ በላይ ተሸከመላቸው።

ኤክስ ያልኩት አውቄ ነው። «አስረናል» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ሳየው ሁለቱን ጎኖች የሚያገናኙ ቀጥ ያሉ ዘንጎች ብቻ ናቸው፣ እንደ መሰላል። መሰላል ሁለቱን ጎኖች እኩል ርቀት ላይ ያቆያቸዋል። አብረው ከመጋደል ግን አያድናቸውም። እንደ ሁለት ሰካራም ጓደኛሞች ተቃቅፈው በአንድ ወገን ይወድቃሉ። በየክፍሉ ሰያፍ ያስፈልጋል። ሁለቱ ጫፎች ላይ ደግሞ፣ ድልድዩ ጠረጴዛው ላይ በሚያርፍበት ቦታ፣ ፍሬሙ እንደ በር መቃን እንዳይንጋደድ ማዕዘኖቹን በወረቀት ሳህን፣ ማለትም መገጣጠሚያው ላይ በሚለጠፍ ጠፍጣፋ የወረቀት ቁራጭ፣ አጠንክሩ። ከላይ ያሰራችሁት ሁሉ ጉልበቱን የሚያወርደው በእነሱ በኩል ነው።

ሁለተኛው መፍትሄ የቱቦው ውፍረት ነው፤ የግድግዳው ሳይሆን የዲያሜትሩ። አንድ ሉክ በ7 ሚሊ ሜትር እርሳስ ላይ ስትጠቀልሉት ዘጠኝ ዙር ያህል ይሄዳል። በ14 ሚሊ ሜትር ዘንግ ላይ ደግሞ አምስት ዙር ገደማ። ወረቀቱ ያው፣ ክብደቱም ያው ነው። ሰፊው ቱቦ ግን ጉብጠትን ከሦስት እጥፍ በላይ ይቋቋማል። ደስ ብሏችሁ የውሃ ቧንቧ የሚያክል እንዳትሠሩ ብቻ። ግድግዳው ሁለት ዙር ብቻ ሲሆን ሳይጎብጥ በፊት እንደ ቢራ ጣሳ ይጨማደዳል። እኔ ከአራት ዙር በታች አልወርድም።

የወረቀቱ ክር፣ ማለትም ቃጫዎቹ የተኙበት አቅጣጫ፣ በቱቦው ርዝመት ይሂድ። ከሉኩ ቁመትና ከወርዱ እኩል ሰቆች ቆርጣችሁ አንድ አንድ ጫፋቸውን ይዛችሁ አግድም ዘርጓቸው። ብዙ የሚያጎነብሰው ክሩ የተሻገረበት ነው። በተለመደው ኤ4 ክሩ ብዙውን ጊዜ በቁመቱ ይሄዳል፣ ግን ፈትሹት።

ከመጫናችሁ በፊት አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አግዳሚውን ከጫፉ እዩት፣ አናጢ ጣውላ እንደሚያይ። ገና ሳይጫን የጎበጠ ካለ፣ የሚተኛው በዚያ በኩል ነው። ግማሽ ጭነት ላይ ደግሞ መሃሉን በጣት ቀስ አድርጋችሁ ወደ ጎን ንኩት። ቶሎ ካልተመለሰ አቁሙ።

ማስጠንቀቂያ፦ እግራችሁን ከባልዲው ሥር አንሱ። ፊታችሁን አታስጠጉ። ቪዲዮ የሚቀርጸውም ልጅ እንደዚሁ። ባልዲው መሃል ለመሃል ይንጠልጠል፤ ሁለት ሴንቲ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ እናንተው ገፍታችሁ ጣላችሁት ማለት ነው። አሸዋውን አትወርውሩ፣ አፍስሱት። አንድ ቡድን በአካፋ ሲሞጅርበት አይቼ ባልዲውን ቀምቻለሁ።

ምልክት፦ መገጣጠሚያው ተላቀቀ

የተላቀቀውን ቦታ ገልብጣችሁ እዩት። ኮላው የሚያብለጨልጭና ንጹሕ ከሆነ አልያዘም ማለት ነው፤ ወይ በዝቷል፣ ወይ ሲደርቅ አልተጫነም። የወረቀቱን ቆዳ ልጦ ከሄደ ግን ኮላው ሥራውን ሠርቷል። የተደራረበው ቦታ ነው ያነሰው። ቢያንስ ሁለት ሴንቲ ይደራረብ፣ ከሁለቱም ወገን የወረቀት ሳህን ይለጠፍበት። የዘንጎቹ መሃል መስመር አንድ ነጥብ ላይ ይገናኝ። አምስት ሚሊ ሜትር ከተሳሳቱ መገጣጠሚያው ይጠመዘዛል።

ምልክት፦ ማታ ደህና የነበረው ጠዋት ላላ

ነጩ የእንጨት ኮላ ውሃ አለበት። እርጥብ ወረቀት ደግሞ ጉልበት የለውም። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ 24 ሰዓት ጠብቁ። ከውድድሩ በፊት ባለው ሌሊት የሚጀምሩ ቡድኖች አሉ። ለእነሱ መፍትሄ የለኝም። ኮላው ሲበዛ በሚዛንም ያስቀጣል፤ ቀለል ያለ ድልድይ ሠርተው በኮላ ብቻ ከክብደት ገደቡ ያለፉ ልጆች አይቻለሁ።

ክረምት ሲሆን ይብሳል፣ ወረቀት ከአየሩም እርጥበት ይጠጣል። ጃፓናዊው አርክቴክት ሺጌሩ ባን እ.ኤ.አ. በ2013 የተከፈተውን፣ ኒውዚላንድ ያለውን የክራይስትቸርች ካቴድራል በካርቶን ቱቦ ሲሠራ እንኳ ከላይ የፖሊካርቦኔት ጣሪያ አልብሶታል። እናንተ ቢያንስ በፌስታል ጠቅልሉት። በከሰል ማንደጃ አታድርቁ። ሞክረው ያመጡልኝን አይቻለሁ፣ ግማሹን ነው ያመጡልኝ።

ምልክት፦ ጭነቱ ያረፈበት ቦታ ተጨፈለቀ

ቱቦ መሃሉ ላይ ሲጫኑት ባዶ ነው። ጭነት የሚያርፈው መገጣጠሚያ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ውስጡን በተጠቀለለ ወረቀት ሙሉት።

ምልክት፦ የታችኛው አግዳሚ ተበጠሰ

ብርቅ ነው። ወይ ምላጭ ነክቶታል፣ ወይ በጣም ጎበዞች ናችሁ።

ምልክት፦ ሁሉም ልክ ነው፣ ግን ከልምምዱ ያነሰ ተሸከመ

ወረቀቱን ቀይራችኋል? «ሰማንያ ግራም ነው» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ሰማንያ አይደለም። ሰማንያው የአንድ ካሬ ሜትር ክብደት ነው፤ እውነተኛው 80 ግራም ኤ4 አንዱ ሉክ 5 ግራም ነው፣ 500 ሉክ የያዘው ደስታ ደግሞ 2.5 ኪሎ ገደማ። ሱቁ ውስጥ ሚዛን ካለ አስመዝኑት። ባለሱቁ ቢቆጣ ይቆጣ።

ወረቀቱ ያው ከሆነ እንዴት እንዳመጣችሁት ንገሩኝ። ባለፈው አንድ ቡድን ድልድዩን በሚኒባስ ጉልበታቸው ላይ አድርገው መጡ፣ መንገድ ላይ አንድ ሰው በክርኑ ተደገፈበት። በጠንካራ ካርቶን አድርጉት፣ ወንበር ላይ አስቀምጡት፣ ለረዳቱም የሁለት ሰው ሂሳብ ክፈሉ።